የቡሄ ጅራፍና የአባቶች ዝምታ



ወርኀ ነሐሴ ሲገባ የጎጃም ገጠር በጅራፍ ድምፅ ይሞላል። እረኞች ከብቶቻቸውን ከመስክ አሰማርተው፣ አንዱ ከዚህ ጋራ ሌላው ከዚያ ጋራ ሆኖ፣ የማን ጅራፍ ይበልጥ እንደሚጮኽ ይፎካከራሉ። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል በደረሰም ጊዜ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ፤ ልጆች በየደጁ እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ ሲመሽም ችቦ ይበራል። መምህራኖቻችን የበዓሉን ምሥጢር ሲያስረዱን፣ ችቦው ጌታችን በተራራው ላይ የገለጠው ብርሃን ምሳሌ ነው፤ የጅራፉም ጩኸት ከደመናው ውስጥ የተሰማውን የአብን ድምፅና ደቀ መዛሙርቱን የያዛቸውን ድንጋጤ የሚያስታውስ ነው ብለው አስተምረውናል። ይህንኑ እኛም በተራችን ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስናስተምር ኖረናል።

ነገር ግን አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። በእኛ ቤት ጅራፍ ገብቶ አያውቅም። ባለፈው ዓመት ክረምት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን ከአያቱ ዘንድ ከገጠር ሲመለስ፣ የአጎቱ ልጆች ገምደው የሰጡትን ጅራፍ በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ። ከደጃፍ ሳያልፍ «ይህን ወደ ውጭ ጣል» አልነው። ልጁም «ለምን አባዬ? ቡሄ አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው የሚገባ ነበር፤ መልስ ግን ከአፋችን አልወጣም። «ተብለሃል፤ ጣል» ብቻ አልነው። ልጁ ጅራፉን ከአጥሩ ማዶ ወርውሮ ቀኑን ሙሉ ሳያናግረን ዋለ።

ማታ ብቻችንን ስንሆን ራሳችንን መረመርን። ቶሎ የመጣልን ምክንያት፣ ከተማችን ፍኖተ ሰላም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተኩስ ድምፅ ሰምታለችና ጅራፍ ቢጮኽ ጎረቤት ይደነግጣል የሚል ነበር። ይህ እውነት ነው፤ የእኛ ምክንያት ግን አይደለም። ከዚያ አስቀድሞ፣ አካባቢው ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ የጎረቤታችንን ልጅ በዚሁ ነገር ተቆጥተን አስለቅሰነው ነበርና። እኛ ጠመንጃ ተኩሰን አናውቅም፤ በምሽግ አላደርንም፤ ዕድሜያችን በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ያለፈ ነው። ስለዚህ ይህ ፍርሃት የራሳችን አይደለም፤ የወረስነው ነው። እንዴት እንደወረስነው በዛሬው ጽሑፋችን እንናገራለን፤ ተመሳሳይ ውርስ በብዙ ቤት እንዳለ እናምናለንና።

አባታችን በቡሬ አካባቢ በርበሬና በቆሎ የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥነው ሁለት ዓመት እንዲያገለግሉ የሚያዝ ነበር። አባታችን በ1976 ዓ.ም. በገበሬ ማኅበሩ ስማቸው ተጠርቶ ሲሄዱ የ28 ዓመት ሰው ነበሩ፤ እኛ ደግሞ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበርን። ሁለቱ ዓመት ሰባት ሆነ። በናቅፋ ግንባር በምሽግ ኖሩ፤ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ሲወድቅ በሕይወት ከወጡት መካከል ነበሩ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከከረን ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሱዳን ድንበር ወጡ። በሐምሌ መጨረሻ እግራቸው አብጦ፣ ከአንዲት የውሃ ኮዳ በቀር ምንም ሳይዙ ከደጃችን ደረሱ። እናታችን እልል አሉ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ጠላ ተቀዳ። እኛም የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆነን፣ ሰባት ዓመት ሙሉ በሐሳባችን ያሳደግነውን ጀግና ለማየት በሰው መካከል ተሽሎክሉከን ገባን። ያየነው ግን ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ዓይኑን ከበሩ ላይ ሳይነቅል የተቀመጠ የከሳ ሰው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቡሄ ሆነ። አባታችንን ደስ ለማሰኘት ብለን ክረምቱን የገመድነውን ጅራፍ ይዘን ከቤቱ ኋላ ሄድንና ባለን ጉልበት ሁሉ አጮኽነው። አባታችን በጓሮው የበቆሎውን አረም ይነቅሉ ነበር። ድምፁን ሲሰሙ በግንባራቸው ተደፉ። እጆቻቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው በጭቃው ውስጥ ጥቂት ጊዜ ቆዩ። ከዚያም ተነሡ፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ወደ እኛ መጡና ጅራፉን ከእጃችን ወስደው በማጭድ ከሦስት ከአራት ቆራርጠው ጣሉት። አልመቱንም። አልተቆጡንም። አንድ ቃል እንኳ አልተናገሩንም። እናታችን በበሩ ቆመው ሁሉን አይተው ነበር፤ እርሳቸውም «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» ከማለት በቀር ሌላ አልነገሩንም።

አንባቢ ሆይ፣ ልጅ ያልተነገረውን ነገር ባዶ አድርጎ አይተወውም፤ በራሱ ፍርድ ይሞላዋል። ፍርዱም ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ ነው። እኛም በልባችን «አባታችን አይወዱንም፤ ምን በድለናቸው ይሆን?» አልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ማንም ያልጻፈው ሕግ ወጣ። በር በኃይል አይዘጋም። ዕቃ ከእጅ አይወድቅም። ከኋላቸው ድንገት አይመጣም፤ ከሩቅ ማሳል ያስፈልጋል። ተኝተው ሲቃዡ አይነኩም፤ በእግራቸው በኩል ቆሞ በስማቸው መጥራት ነው። የጥምቀት ዕለት ተኩስ ሲጀመር ብቻቸውን ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ወዴት ሄዱ ተብሎ አይጠየቅም። ይህን ሕግ ያስተማረን የለም፤ ነገር ግን እናታችንም፣ እኛም፣ ከተመለሱ በኋላ የተወለዱት ታናናሾቻችንም ሁላችን ተማርነው። ታናሿ እኅታችን መናገርን በቅጡ ሳትለምድ ማሳልን ታውቅ ነበር።

እኛ በዓመቱ ወደ ቆሎ ትምህርት ቤት ሄድን። ሰው ሁሉ ለዲቁና ጓጉቶ ነው ብሎ መረቀን። እውነቱ ግን ከዚያ ቤት መራቅ መፈለጋችን ነበር። ትምህርቱን በኋላ ወደድነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አካሄዳችን ግን ሽሽት ነበር።

አባታችን በ2004 ዓ.ም. ዐረፉ። በዐርባ ቀናቸው ተዝካር ላይ ከቡሬ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ በናቅፋ ምሽግ አብረዋቸው የነበሩ ሰው ናቸው። እንግዳው ሁሉ ሲሄድ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠን፣ «አያ፣ አባታችን ጅራፍ ስለ ምን ይጠሉ ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላም እንዲህ አሉን፤ «ልጄ፣ ጥይት እንዴት እንደሚጮኽ ታውቃለህ? ከሩቅ ስትሰማው ዱም ይላል። በጆሮህ ሥር ሲያልፍ ግን ልክ እንደ ጅራፍ ነው። ጅራፉን ከሰማህ አንተ ተርፈሃል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ሳይመጣ ግን መሬት መያዝ አለብህ። ከወዴት ነው ብሎ ቀና ያለ በዚያው ቀረ። አባትህና እኔ ስንት ዘመን በዚያ ድምፅ ወደቅን፣ ተነሣን። የቀሩት ልጆች ቀና ያሉት ናቸው።» ከዚህም በላይ አልጨመሩም፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

እኛም ወደ ሥራችን ስንመለስ ነገሩን በሳይንስ መጽሐፍ መረመርነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። የክላሽንኮቭ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰኮንድ ወደ 700 ሜትር ይፈጥናል። ስለዚህ ጥይቱ ከተኮሰው ጠመንጃ ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል፤ በሚያልፍበትም ቦታ አየሩን ሰንጥቆ የሾለ ጩኸት ያሰማል። የጅራፍም ጫፍ የሚጮኸው በሚገባ ሲወነጨፍ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ድምፆች የሚመሳሰሉ ብቻ አይደሉም፤ ምክንያታቸውም አንድ ነው። አባታችን በዚያች ቀን አልተሳሳቱም። ጆሯቸው የሰማው እውነት ነበር፤ ሰውነታቸውም ያደረገው ሰባት ዓመት በሕይወት ያቆያቸውን ነገር ነው። የተለወጠው ቦታው ብቻ ነበር።

ይህን ለመረዳት 21 ዓመት ፈጀብን። ሽማግሌው የነገሩን ቃል ግን ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በእነዚያ ዓመታት ከአባታችን ጋር ቁጭ ብለን የተጫወትነው ስለ ዝናብ፣ ስለ በርበሬ ዋጋና ስለ ከብት ብቻ ነበር። በመጨረሻ ሕመማቸው ከአልጋቸው አጠገብ ስንቀመጥም እርሳቸው በሩን ይመለከቱ ነበር፤ እኛ ደግሞ እጃችንን። እርሳቸው አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ይባስ ብሎ ምክንያቱን ካወቅን በኋላ እንኳ ለገዛ ልጃችን አልነገርነውም። ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መናገር ሌላ ነው። ዝምታ አንድ ጊዜ የቤት ልማድ ከሆነ፣ ምክንያቱ ከሞተ በኋላም ይኖራል።

አባቶች ስለ ምን አይናገሩም? ይህን ስናስብ አያታችን ትዝ ይሉናል። እርሳቸው በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በጎጃም እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እንደ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉ የጦር አለቆች በመሩት ተጋድሎ የነበሩ አርበኛ ናቸው። በየካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ቡሬን ለቅቆ በደምበጫ መንገድ ሲያፈገፍግ የተከታተሉትም እነዚሁ የአገሬው ሰዎች ከጌዴዎን ጦር ጋር ሆነው ነው። ቀድሞ ውጀት ይባል የነበረው ከተማችን ፍኖተ ሰላም፣ የሰላም መንገድ፣ ተብሎ የተሰየመው ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በዚህ ስላለፉ እንደ ሆነ ሽማግሎች ይተርካሉ። አያታችን በሠርግና በዓውደ ዓመት ይፎክሩ ነበር፤ ማንን እንደጣሉና ምን እንደማረኩ ይቆጥራሉ፤ ሴቶች እልል ይላሉ። ፉከራው ሲያልቅ ግን ወጥተው ከአጥሩ ሥር ብቻቸውን ይቀመጣሉ፤ ማንም አይከተላቸውም።

አገራችን ለጀግናው ፉከራና ሽለላ ሰጥታለች፤ ለሞተውም ሙሾ አዘጋጅታለች። በሕይወት ተመልሶ ሌሊት ለሚቃዠው ሰው ግን የሰጠችው ቃል ጥቂት ነው። በፉከራ ውስጥ ፍርሃት አይነገርም፤ ተጥሎ የቀረ ቁስለኛ አይቆጠርም፤ የገደሉት ሰው ፊት አይወሳም። በሙሾም የሚነሣው ሟቹ ነው። አያታችን ግማሹን በፉከራ ተናገሩ፤ ግማሹን ይዘውት ወደ መቃብር ወረዱ።

አባታችን ግማሹ እንኳ አልነበራቸውም። የተዋጉት በአንድ አገር ልጆች መካከል በሆነ ጦርነት ነው፤ የተመለሱትም ከተሸነፈ ሠራዊት ነው። እንዲህ ያለው ሰው በማን ሠርግ ይፎክራል? በ1983 ዓ.ም. ከ400 ሺህ የሚበልጥ ሠራዊት በአንድ ጊዜ ተበተነ። የወታደር ልብስ ለብሶ በየመንገዱ ቁራሽ የሚለምነውን ሰው በዚያ ዘመን የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ብዙዎችን ወደየመንደራቸው መለሰ፤ ወደ እርሻ ለተመለሱትም ቀለብ፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ እንዲሰጥ አደረገ። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነበር። የቀኑን ኑሮ የሚረዳ ነበር፤ ሌሊቱ ግን ለሚስቶችና ለልጆች ተተወ።

ይህ ነገር የእኛ ሕዝብ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ሐኪሞች ሰውነታቸው ሳይቆስል የሚንቀጠቀጡ፣ አንደበታቸው የተያዘ ወታደሮችን አይተው ለሕመሙ የመድፍ ድንጋጤ የሚል ስም አወጡለት። ሕመም መሆኑን ሁሉም አላመነም ነበርና ሃሪ ፋር የሚባል ወታደር በዚሁ ሕመም ታክሞ ወደ ግንባር ከተመለሰ በኋላ ወደ ፊት አልሄድም ስላለ፣ ፈሪ ተብሎ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1916 በራሱ ወገን በጥይት ተገደለ። ነገሩ በቤተሰቡ ውስጥ ለብዙ ዘመን በእፍረት ተደብቆ ኖረ። ሕፃን ሳለች አባቷን ያጣችው ልጁ ግን በስተርጅና ተነሥታ ስለ አባቷ ክብር ተሟገተች፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የአገሩ መንግሥት ለእርሱና ለመሰሎቹ፣ በጠቅላላው ለ306 ወታደሮች፣ ምሕረት ሲያውጅ በሕይወት ኖራ አየች። ዘጠና ዓመት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ከቬትናም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ሐኪሞች ይህን ሕመም በይፋ ከሕመሞች መዝገብ አገቡት፤ በአማርኛም ድኅረ አደጋ ሰቀቀን ሲባል እንሰማለን። ምልክቶቹም ያለፈው ነገር በቅዠትና በሐሳብ መመለሱ፣ ያንን የሚያስታውስ ቦታና ድምፅ መሸሽ፣ በትንሽ ነገር መደንገጥና መቆጣት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ደስታም ሐዘንም የማይሰማው ሆኖ መደንዘዝ ናቸው። ከጦር የተመለሰ ሁሉ ይህ ይደርስበታል ማለት አይደለም፤ ብዙዎች በጊዜ ብዛት ይረጋጋሉ። በማያልፍለት ሰው ቤት ግን ሕመሙ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ባለፈው ዓመት ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን «ቤታችን» በሚል ርእስ ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝናቸው። አንዲት ልጅ እንዲህ የሚል ሐሳብ ጻፈች፤ አባቷ ከመምጣቱ በፊት በጫማው ድምፅ ቀኑ እንዴት እንደሆነ ታውቃለች፤ ቶሎ ቶሎ ከረገጠ ታናሽ ወንድሟን ወደ ጓዳ ታስገባለች፤ ቀስ ብሎ ከረገጠ ቡናው ይቀርባል። በትምህርት ግን ደካማ ናት፤ ሁልጊዜ ዓይኗ በክፍሉ በር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ «ልብሽ የት ነው?» ብለን ተቆጥተናታል። ድርሰቷን ባነበብን ጊዜ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ቆየን። ልቧ የት እንደሆነ እኛ ከማንም ይልቅ ልናውቅ ይገባን ነበር።

እንዲህ ያሉ ልጆች ዛሬ ጥቂቶች አይደሉም። ከግንቦት 1990 እስከ ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በሆነው ጦርነት የዘመቱ ሰዎች ዛሬ የትልልቅ ልጆች አባቶች ናቸው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በፕሪቶሪያ ስምምነት እስከ ቆመበት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ ከየገጠሩ ስንቱ ወጥቶ ስንቱ እንደተመለሰ በየደብሩ የሚታወቅ ነው። ዓመቱ ሳይሞላም ጦርነቱ ከደጃችን ገባ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ቡሄ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ በፍኖተ ሰላም በደረሰው የአየር ጥቃት ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል። ስለዚህ በዛሬው ዘመን ልጁ የአባቱን ፍርሃት ብቻ አይወርስም፤ የራሱም አለው። ማን ከማን ወገን ነበረ የሚለውን ለሌሎች እንተወው። በሌሊት የሚጮኽ ሰው የየትኛው ወገን እንደሆነ ከጩኸቱ አይለይም፤ ልጁም በዚያው ሌሊት ነቅቶ ያድራል።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ጥንቱን አላፈረችም። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ለኢቆንዮን ኤጲስ ቆጶስ ለአምፊሎክዮስ በጻፈው ቀኖና፣ አባቶች በጦር ሜዳ መግደልን ከነፍሰ ገዳይነት እንዳልቆጠሩት ካስታወሰ በኋላ፣ ከዚያ የተመለሱ ሰዎች ግን ለሦስት ዓመት ከቁርባን ብቻ ቢቆዩ መልካም እንደሆነ መክሯል። ይህን የምንጠቅሰው ዛሬ ለማንም ቀኖና ለመስጠት አይደለም፤ ያ የንስሐ አባት ሥልጣን ነው። የምንጠቅሰው ማስተዋሉ ስለሚያስደንቀን ነው። ወታደሩን ወንጀለኛ ብሎ አላባረረውም፤ ምንም እንዳልሆነ አድርጎም ዝም አላለውም። ከማኅበሩ ሳይለይ፣ ጊዜ ተሰጥቶት፣ በአባቶች እጅ ተይዞ ቀስ እያለ እንዲመለስ መንገድ ጠረገለት። ከጦር ሜዳ እስከ ቤቱ ደጃፍ ያለው መንገድ በእግር ከሚኬደው ይልቅ እንደሚረዝም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

እኛስ የንስሐ አባት የሌለው ቤት አለን? የለንም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የነፍስ አባታችንን የምንጠራው ጸበል ሊረጩልን፣ ዝክር ሊባርኩልን ነው። ካህናት አባቶቻችን ሆይ፣ ከጦር የተመለሰ የንስሐ ልጅ ቢኖራችሁ እርሱ እስኪመጣ አትጠብቁት፤ ሂዱለት። ጾሙንና ስግደቱን ከመንገራችሁ በፊት እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ ጠይቁት። ሁሉን በአንድ ቀን እንዲያወጣ አታስገድዱት፤ ሰው የተሸከመውን የሚያወርደው ሲዘጋጅ ነው።

ከጸበሉም ጋር ሕክምናው አይናቅ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ ሁለቱ የማይጣሉ የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ አስተምረው ነበር። ያ ትምህርት ለአእምሮ ሕመምም ይሠራል ብለን እናምናለን። ሌሊት የማይተኛ፣ በመጠጥ ራሱን የሚያደነዝዝ፣ ሞትን የሚመኝ ሰው ወደ ሆስፒታል ሄዶ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይጠይቅ። መቁሰል አያሳፍርም፤ ይህም ቁስል ነው። ሞትን በሚመኝ ሰው ቤት መሣሪያ ካለ ደግሞ ዘመዶቹ በፍቅርና በዘዴ ከእጁ ያርቁት። በአገራችን ጠመንጃ ከራስጌ የሚያድር ነውና ይህን ቃል አቅልላችሁ አትዩት።

በቤት ውስጥ ያላችሁ አባቶችም፣ ያያችሁትን ሁሉ ለልጆቻችሁ ንገሩ አንልም። የምሽጉ ነገር ለሕፃን ጆሮ አይሆንም። ልጁ የሚፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ይህ ድምፅ ጦር ሜዳን ያስታውሰኛል፤ ስለዚህ እደነግጣለሁ፤ ጥፋቱ የአንተ አይደለም» የሚል። ይህን ለመናገር ጉሮሮ ይተናነቃል፤ እናውቃለን። ግን ይህን የሰማ ልጅ ራሱን መክሰስ ይተዋል። ሚስቶቻቸው ሆይ፣ እናታችንን ስናስብ ለእናንተ ልባችን ያዝናል። ሰባት ዓመት እንደ ባልቴት ኖራ፣ ባሏ ሲመለስም ሌላ ሰው የተመለሰላት ሴት ማን ጠየቃት? ነገሩን እንደ ነውር ብቻችሁን አትሸከሙት፤ ለምታምኑት ዘመድ ወይም ለነፍስ አባታችሁ አካፍሉ። ደግሞም ይህ ይታወቅ፤ ሕመም መኖሩ ሚስትንና ልጅን ለመደብደብ ፈቃድ አይሰጥም። የሚመታ እጅ ባለበት ቤት አስቀድሞ የሚጠበቁት ደካሞቹ ናቸው። መምህራን ባልደረቦቻችን ሆይ፣ በክፍል ውስጥ በሩን የሚመለከተውን ልጅ ከመቅጣታችን በፊት ለብቻው ጠርተን ስለ ቤቱ እንጠይቀው። ይህን የምንለው መጀመሪያ ለራሳችን ነው።

ወደ ተነሣንበት እንመለስ። በደብረ ታቦር ድምፁ ከደመናው ሲሰማ ሦስቱ ደቀ መዛሙርት በግንባራቸው ወደቁ። ወንጌላዊው ማቴዎስ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲጽፍ፣ ጌታችን ከሩቅ ሆኖ ተነሡ እንዳላቸው አልጻፈም። ወደ እነርሱ ቀረበ፤ ዳሰሳቸው፤ ከዚያ በኋላ እንዲነሡና እንዳይፈሩ ነገራቸው። ይህን ክፍል በዲቁናችን ዘመን ስንት ጊዜ ሰምተናል! አባታችን ግን በቡሄ ቀን በበቆሎው መካከል በግንባራቸው ሲወድቁ የቀረባቸው አልነበረም፤ የዳሰሳቸውም አልነበረም። ሚስት ከበሩ ቆመች፤ ልጅ ከጓሮው ቆመ፤ እርሳቸው ብቻቸውን ተነሡ። ልጅ ነበርንና አንወቀስበት ይሆናል፤ ዛሬ ግን ልጆች አይደለንም።

በዚህ ዓመት በቡሄ ዋዜማ ልጃችንን ይዘን ወደ አባታችን መቃብር ልንሄድ አስበናል። በዚያ ቁጭ ብለን አያቱ ማን እንደነበሩ፣ የጅራፍ ድምፅ ስለ ምን ያስደነግጣቸው እንደነበረ፣ እኛም ባለፈው ዓመት ስለ ምን እንደዚያ እንደሆንን እንነግረዋለን። ጎረቤት በማይደነግጥበት ሜዳ ጅራፉን ያጮኽ እንደሆነም አጠገቡ እንቆማለን። ምናልባት እንደነግጥ ይሆናል። ብንደነግጥ ግን ልጁ ምክንያቱን ያውቃል።

ልዑል እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላምን፣ ከጦር ለተመለሱት ዕረፍትን፣ በየቤቱ ነቅተው ለሚያድሩት ሕፃናት የሰላም እንቅልፍን ይስጥልን። አሜን።